የምንጩ ዚንክ

ሽማግሌው ባልዲውን ሦስት ጊዜ በምንጩ ውሃ አለቀለቀና በአራተኛው ቀዳ። ከላብራቶሪ የመጣችው ወጣት ኬሚስት ድንጋይ ላይ ቆማ ታየዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው ለምርመራ ውሃ ሲቀዳ፣ ይህን ተራራ ወጥቶ ያየው ባለሙያ አልነበረም። ዛሬ ወግ ደርሶት አንጀቱ ቅቤ ጠጥቷል።

«ካላለቀለቅሽው ያለፈው ሳምንት ውሃ ከዛሬው ይቀላቀላል፣ ልጄ» አላት፣ ከባልዲው ወደ ጠርሙሱ እየገለበጠ።

እሷ ጠርሙሱን አላየችም። «ጋሼ፣ ይሄ ባልዲ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የድሮውን የላስቲክ ባልዲ ውርጭ ሰነጠቀው። ይሄን ከቤቴ አመጣሁት፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ቆርቆሮ ስለሆነ አይሰበርም።»

ልጅቷ ቁጭ አለች። «ቆርቆሮው እኮ ዚንክ የተቀባ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በላብራቶሪው የምርመራ መዝገብ ላይ ዚንክ የጨመረውም የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ከምንጩ አይደለም ጋሼ፤ ከባልዲው ነው።»

ክው አለ። መጀመሪያ ትዝ ያለው መዝገቡ አልነበረም። ታች ሰፈር ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ከዚሁ ውሃ እየጠለፈ ዓሣ ያረባ የነበረው። ዚንኩ ዓሣ ይመርዛል ተብሎ፣ ሽማግሌው ከቀዳው ውሃ በተገኘ ቁጥር፣ ባለሥልጣናት ሥራውን ዘጉበት። «አንድ ዓሣ እንኳ አልሞተብኝም!» ብሎ ወንድሙ ጮኾ ነበር። ሽማግሌው ግን፣ ሞኝ፣ «ቁጥር አይዋሽም» ብሎ አሳፈረው። ከዚያ ወዲህ እሳትና ጭድ ናቸው፤ በእናታቸው ቀብር እንኳ ጎን ለጎን አልቆሙም።

ከዳገቱ በኩል ኮቴ ተሰማ። ወንድሙ ነው፤ አካፋ በትከሻው፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ እያለከለከ።

«አንዷን የዓሣ ኩሬ ምናልባት እያልኩ አቆይቻት ነበር» አለ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ። «ዛሬ ደፈንኳት። ይብቃኝ። አንተ እውነቱን ስትናገር እኔ ለሆዴ ተጣላሁህ። ይቅር በለኝ፣ ወንድምዓለም።»

ኬሚስቷ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ሽማግሌው ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

ወንድሙ አካፋውን ጥሎ አቀፈው፣ አጥብቆ። የሽማግሌው እርጥብ እጆች በጎኑ ተንጠልጥለው ቀሩ። ከወንድሙ ትከሻ ባሻገር፣ ቁልቁል፣ ኩሬዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ገና ያልደረቀ አፈር ይታየዋል።