የመኳንንት ጥማት

ፍርድ ቤቱ መኳንንትን ቤቱ እያደረ ከመጠጥ ሱሱ እንዲታከም ሲወስንበት፣ ክፍያው በገንዘብ አልነበረም፤ በአዲሱ ሕግ ጥማቱን የሚረከብለት የሥጋ ዘመድ ያስፈልግ ነበር። አንድም ቀን መጠጥ ቀምሳ የማታውቀው ታላቅ እህቱ ስንዱ ተረከበችለት።

እሱ ድኖ ሚስት አገባ። ስንዱ ግን ጠጁን ፈርታ ከሰርጉ ቀረች።

በማግስቱ ሙሽራዋ ጆግ ሙሉ ጠጅ ይዛ የስንዱን በር አንኳኳች።

«እትዬ ስንዱ፣ ምን አስቀየምንዎት? መኳንንት ‹እህቴ ሰው አትወድም› አለኝ።»

ስንዱ ጆጉን ስትቀበል ጥቂት ጠጅ መዳፏ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ጆጉን መለሰችላት።

«እውነቱን ነው» አለቻት። «ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

በሩን ቆልፋ የሙሽራዋ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።