የሚያንቀላፋው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ማንቀላፋት የጀመረው በተርጓሚዋ ልደት ማግስት ነው። እጇን አሳርፋ መተየብ ስትጀምር ስክሪኑ ድርግም ይላል፤ ተስፋ ቆርጣ እጇን ስታነሳ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል። ለክፍል ኃላፊነት የምትወዳደርበትን ትርጉም የማስረከቢያው ቀን እየደረሰ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ አይቲ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። አጥፍቶ አበራው። ባትሪውን ነቅሎ መለሰው፣ አቧራውን አራገፈ፣ በመጨረሻም ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው። እሱ እጅ ላይ ላፕቶፑ ጨዋ ነው፤ እሷ ዘንድ ሲመለስ አመሉ ይነሳበታል።

ባሏ ሲሰማ ሳቀባት። ሰውየው ቋጣሪ ነው፤ «አንድ ለገዛ አንድ በነጻ» ካላሉት ሱቅ አይገባም። ለልደቷ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ጫፍና ጫፉ በራሱ ጥብቅ የሚል አምባር አጥልቆላታል። ከዚያ ወዲህ አውልቃው አታውቅም።

ጥርጣሬዋ ያረፈው አጠገቧ በምትሠራው ጓደኛዋ ላይ ነው። «እህቴ» እየተባባሉ ለዓመታት ከአንድ ሳህን በልተዋል፤ አሁን ለአንድ ወንበር ይፎካከራሉ። የጓደኛዋ ዴስክቶፕ እንከን አያውቀውም። ሰሞኑን ደግሞ ዓይኗን ትሸሻለች፤ በዚያ ሙቀት እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ ትቀመጣለች፣ ተርጓሚዋ ስትጠጋ ሰበብ ፈልጋ ትነሳለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! ከጠላት ቢመጣ ይቻላል፤ ከእሷ መምጣቱ አንጀቷን አሳረራት።

ለአለቃቸው ተናገረች። አለቃው ጓደኛዋን ጠርቶ ከውድድሩ አስወጣት። ሴትየዋ ትከራከራለች ሲባል አንገቷን ደፋች።

«ሲያንሰኝ ነው» አለች።

ላፕቶፑ ግን ማንቀላፋቱን አልተወም። አይቲው በስተመጨረሻ አጠገቧ ተቀምጦ ስትተይብ ተመለከተና አምባሩን እንድታወልቅ ጠየቃት። አወለቀች፤ ስክሪኑ እንደበራ ቀረ። መልሳ አጠለቀች፤ ድርግም አለ።

«ማግኔት አለው» አለ አይቲው እየሳቀ። «በቀረበው ቁጥር ላፕቶፑ ክዳኑ የተዘጋ ይመስለዋል። ማንም አልነካብሽም።»

ተርጓሚዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በባዶ ሜዳ እህቷን አሳጥታለች። ሮጣ ሄደች፤ ጓደኛዋ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራለች።

«እህቴ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ብላ እጇን በሁለት እጇ ያዘቻት።

ጓደኛዋ ደንግጣ እጇን ልታስለቅቅ ስትታገል፣ ረጅሙ እጅጌ ተሰበሰበና መንታው አምባር ወጥቶ ከተርጓሚዋ አምባር ጋር ቀጭ ብሎ ተጣበቀ።