የሰርቨሩ ፈቃድ

ሰብለወንጌል ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ከሱቁ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ የተደረደረውን የዘር ከረጢት አፍርሳ ደግማ ትደረድራለች።

እናቷ ወይዘሮ ሙሉብርሃን አዳማ ላይ የዘርና የፀረ ተባይ መድኃኒት ማከፋፈያ አላቸው፤ ባቱና ሞጆም ቅርንጫፍ ከፍተዋል። ሱቆቹን የሚያገናኘው ሰርቨር ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ግን ኮፒ ነው። ሰሞኑን ስክሪኑ በተከፈተ ቁጥር «ፈቃድ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይደቀናል። አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋና የባቱ ሱቅ መሸጥ ያቅተዋል።

ሊያስተካክል የተጠራው ቶሌራ ነው። የመልካሳ ልጅ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ዝምተኛ። ሕጋዊውን ግዙ አለና የፈቃዶቹን ልዩነት አስረዳ። አነስተኛው እስከ ሃያ አምስት ተጠቃሚ ይይዛል፣ ዋጋውም ይቀላል። መደበኛው ሰፊ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው ፈቃድ ይገዛለታል። በየዓመቱ እየታደሰ የሚሠራም አለ።

ሰብለወንጌል በመጀመሪያው ቀን ገብቷታል። ቶሌራ ግን በማግስቱ መጥቶ እንደገና አስረዳ። ከዚያም እንደገና። እሷም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንዳልገባው ሰው ሆና አዳመጠች። ወዳዋለች፤ ምን ታድርግ! እሱ ግን ከአነስተኛውና ከመደበኛው ሌላ ወሬ የለውም። አንጀቷን አሳረራት።

«ለመሆኑ በየዓመቱ የሚታደሰው አይሻልም?» አለችው አንድ ቀን፣ ወሬው እንዳያልቅ ብላ።

«እኔ በየዓመቱ የሚታደስ ነገር አልወድም። አንዴ ከሆነ ለሁልጊዜ ነው» አለና አንገቱን ደፋ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«እናትሽ ቅዳሜ ቤት ይኖራሉ? ለፈቃዱ ጉዳይ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ።»

ይህንኑ ተናግሮ፣ ቻርጀሩን እንኳ ረስቶ እብስ አለ።

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሦስት ሰው? ለፈቃድ? አንቺ ሞኝ፣ ሽማግሌ እኮ ነው!»

«እማዬ በማርያም! የሰርቨር ፈቃድ ነው!»

«ሰርቨር ሰርቨር አትበይብኝ! ይሄ ልጅ በየቀኑ የሚመላለሰው ለቆርቆሮ ሳጥን ነው?»

ሰብለወንጌል ነገሩን ለማጣራት አዲስ አበባ ወዳለው የሶፍትዌሩ ሻጭ ድርጅት ደወለች።

«አዎ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ወደ አዳማ የሚወርዱ ሰዎች አሉን» አላት ስልኩን ያነሳው ሰው።

ስልኩን ዘጋች። ለካ ሳታውቀው ተስፋ አድርጋ ኖሯል።

እናቷን ግን ማን ይመልሳቸው! በግ ተገዛ። መጋረጃው ወርዶ ታጠበ። ጎረቤት ተጠራ። ሰብለወንጌል ዓርብ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ሰዎቹ ሶፍትዌር ሊሸጡ መጥተው እልልታ ሲቀልጥባቸው ታያት። እየሳቁ ለቶሌራ ሲነግሩት ታያት። ከዚያ በኋላ ያ ዓይን አፋር ልጅ ደጃፋቸውን ይረግጣል? ዓይኑንም አታየው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስቱ ሰዎች መጡ። ሁሉም ሱፍ በክራቫት ለብሰዋል፤ ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል። አንደኛው ጥቁር ቦርሳ ይዘዋል። ሰብለወንጌል በጓዳው በር ቀዳዳ አየቻቸውና ላፕቶፕ ነው አለች በልቧ።

«አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!» ወይዘሮ ሙሉብርሃን የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው።

«የለም፣ መጀመሪያ ጉዳያችንን ቆመን እንናገር» አሉ ባለ ቦርሳው። «ቶሌራ ነግሯችሁ ይሆናል። የመጣነው ለፈቃዱ ነው።»

የወይዘሮ ሙሉብርሃን እንባ ዱብ ዱብ አለ። ጎረቤቶች ለእልልታ አፋቸውን ከፈቱ።

ሰብለወንጌል አላስቻላትም። ፊቷ እሳት መስሎ ከጓዳ ዘላ ወጣች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ! እናቴ ሌላ ነገር መስሏት ነው፤ እንዳትታዘቡን። እኔ የምፈልገው ሰርቨሩን ብቻ ነው!»

ባለ ቦርሳው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ግራ በመጋባት አዩና ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኛን የላከን ቶሌራ ነው። ይሄ ሰርቨር የምትይው ደግሞ የማን ልጅ ነው?»