ከማን ወገን ነው?

«በእግዚአብሔር ቸርነት ህሩይ ውሃ ሽንቱን ሸንቷል» ብለው መሪጌታ ሐብተ ማርያም ላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ አወጁ። ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

የአራት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ከማለዳ ጀምሮ አምስት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ እንቢ ሲል ነበር። አሁን አባቱ ውጭ ይዞታል። እናቱ የትነበርሽ የሽንቱን ብልቃጥ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። የልጇ ጣቶች ለምን እንደታጠፉ፣ ሆዱ ለምን እንደተነፋ ዛሬ ሊታወቅ ነው። አማቷ መሪጌታም «ነገሩ ከእሷ ወገን ከሆነ ልጄ ይፍታት» ብለዋል።

«በኛ ዘር ካህን እንጂ በሽተኛ የለም» አሉ መሪጌታ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ።

«ምነው መሪጌታ» አሉ ከቆላ ድባ የመጡት አባቷ አያ አስናቀው። «እኔ ዘጠኝ ወልጃለሁ። ዘጠኙም በሬ ይጥላሉ።»

«ሴቶቹም?»

«ሴቶቹማ በተለይ።»

ባለሙያዋ ፅዮን ከሽንቱ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ጣል አደረገች፤ ሲደርቅ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነከረችው፤ አጠበችው። አራቱም አጎነበሱ። ቀለሙ ከወረቀቱ ሁሉ ለቀቀ። ጠብታው ካረፈበት ቦታ ግን ሐምራዊ ክብ አልለቅ አለ።

«ይኸው» አለች ፅዮን። ከመጽሐፍ ውጭ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊቷ በርቷል። «ሰውነቱ መፍጨት ያቃተው የስኳር ዓይነት አለ። ይጠራቀምበትና የተረፈው በሽንት ይወጣል። ደሙ ተልኮ ይረጋገጣል። ስሙ ከታወቀ ሐኪሙ የሚጀምርበት አገኘ ማለት ነው።»

«ከማን ወገን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ከሁለቱም። እናትም አባትም ራሳቸው ሳይታመሙ ተሸክመው ካላወረሱት አይመጣም።»

የትነበርሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ሳቋ መጣባት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

ፅዮን ቅጽ አወጣች። «ባልና ሚስቱ ይዛመዳሉ?»

«ሎቱ ስብሐት» አሉ መሪጌታ። «ሰባት ቤት ቆጥረን ነው ያጋባናቸው።»

«ቆጥረናል» አሉ አያ አስናቀው። ሁለቱ ሲስማሙ በዚያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

«እንግዲያው ለቅጹ ቁጠሩልኝ።»

ተሽቀዳደሙ። መሪጌታ ውዳሴ እንደሚደግሙ፣ አያ አስናቀው ከብት እንደሚያስገቡ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ወጡ። አራተኛው ላይ እኩል ደረሱና በአንድ ትንፋሽ «ግራዝማች ገብረ ኢየሱስ» አሉ።

ፅዮን እስክሪብቶዋን በቅጹ ላይ ከአባቱ ወገን መስመር ወደ እናቱ ወገን መስመር ወሰደች። ከዚያ መለሰችና ስሙን መካከል ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ጻፈችው።