ካፒቴኑ የቆረጠው ገመድ

ለቅሶው ላይ ሁሉም የሚያነሳው ያንኑ ቀን ነው። ባሌ በጎታች ጀልባው እህል የጫነ ጀልባ ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር ሲጎትት ማዕበል ተነሳ። የኋላው ሲሰምጥ የፊቱን ይዞት ሊወርድ ሆነ፤ ባሌ ገመዱን በመጥረቢያ ቆርጦ ሠራተኞቹን አዳነ።

«አባትነቱስ!» አለች ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ። «ልጁ አንጓች በዚያው ሰሞን ከቤት ከጠፋች ወዲህ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ያልፈለገበት መናኸሪያ አለ?»

የለም። ሊሞት ሲል እንኳ «ስትመጣ እንዳትቆጫት» አለኝ። እሺ አልኩት።

ባሕር ዳር ሄጄ ልማር ብትለው «ከዓይኔ አትርቂም» ብሎ ከልክሏት ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት እሱ ሳያይ የእህሉ ጀልባ ላይ፣ ከጆንያዎቹ መሃል ደበቅኋት።