ከመባዛቱ በፊት

መምህሩ ታክሲ ውስጥ ሳለ ድንገት ትዝ ሲለው ላብ አጠመቀው። ለዛሬው ፈተና ባዘጋጀው ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ በሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ለወይንሸት ጽፎ መስጠት ያቃተውን ደብዳቤ ረስቶታል። ትዕዛዞችን በተራ የሚፈጽመውን ስክሪፕት ደብዳቤውን እንዲያጠፋ አዝዞት ነበር፤ ግን የሚያጠፋውን መስመር ያስገባው ማሽኑን ለአርባው የተማሪ ኮምፒውተር ከሚያባዛው መስመር በታች ነው፤ ደብዳቤው አብሮ ተባዝቷል።

ወርዶ እየሮጠ ኮሌጁ ደረሰ። ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ወይንሸት በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን ያስሮጥሃል? ተፈታኙ አንተ ነህ እንዴ?»

«አንዲት ፋይል ነበረች... ሳይገቡ ላጥፋት።»

«ደብዳቤውን ነው?» አለችው ቁልፉን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ከሠላሳ ዘጠኙ ላይ አጥፍቼዋለሁ» አለች። «አርባኛውን እንዳትነካብኝ።»