ድመቱ ለአራተኛ ጊዜ

ድመቱ ሰኞ ጠዋት ለአራተኛ ጊዜ ከሞት ተነሣ።

ስሙ ሌላ ነው፤ ስቱዲዮው በሚሠራው አኒሜ የካርቱን ፊልም ውስጥ የጀግናው ታላቅ ወንድም ነው። ነፍሱ አልወጣ ስላለች ግን የስቱዲዮው ሠራተኞች ሁሉ ድመቱ ይሉታል። በጎራዴ ሞቷል፣ በመርዝ ሞቷል፣ ተራራ ተንዶበታል። በመጨረሻ ደራሲው ራሱ አቃጥሎ አመዱን ባሕር ላይ በተነው። ከእንግዲህ ማን ያነሣዋል ብሎ ነበር።

«ማዕበሉ አመዱን ሰብስቦ ይመልሰዋል» አለች ሠዓሊዋ፣ አዲሱን ሥዕል ግድግዳው ላይ እየለጠፈች። «በዚህ ቤት ሰው ከምሳ ይልቅ ከሞት ቶሎ ይመለሳል።»

ደራሲው አልሳቀም። «ማን አዘዘሽ?»

«አለቃ ነዋ! አንተ የምትቀዳው አንድ መስመር ብቻ ነው። እንካ።»

የስቱዲዮው አሠራር እንዲህ ነው፤ ሥዕሉ ከመንቀሳቀሱ በፊት ደራሲው የሁሉንም ንግግር በየድምፁ አስመስሎ ይቀዳል። ሕፃኑም፣ አሮጊቷም፣ ጭራቁም እሱ ነው። ሠዓሊዎቹ ያንን እየሰሙ የሥዕሎቹን አፍ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተዋንያኑ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ካልቀዳ የድመቱ አፍ አይከፈትም።

ወረቀቱን አየው። «አይዟችሁ፣ መጥቻለሁ» ይላል። ጨመደደውና ወደ አለቃው ክፍል ገባ።

«አልቀዳም።»

አለቃው ቀና አለ። «ደግሞ ምን ሆንክ፣ ወንድሜ?»

«ለሙከራ ስናሳይ ልጆቹን አላየሃቸውም? ሰውዬው እየነደደ እነሱ ብስኩት ይሻማሉ። አንዷማ ‹መቼ ነው የሚነሣው?› ብላ ጠየቀችኝ። አንድ የሚያለቅስ ጠፋ! ይሄ ሞት ነው? ይሄ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት ነው።»

«ሰው ይወደዋል። ተስፋ ይፈልጋል። ምን አለበት?»

«ተስፋ አትበለው። ማታለል ነው።»

አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደራሲው ሊወጣ ዞሮ ነበር፤ ተመለሰ።

«እኔ ታላቅ ወንድሜን የቀበርኩት ገና ጢም ሳላበቅል ነው» አለ። «ከቤት ርቀን ድንጋይ ስንቆፍር ገደሉ ተናደበት። በእነዚህ እጆች ነው ያወጣሁት። እዚያው ቀበርነው፤ እኔና አብረውን የሚቆፍሩት ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት አልተመለሰም። በሚቀጥለው ዓመትም አልተመለሰም። ማዕበል የሚባል ነገር አልመጣም።»

«ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ከግድግዳው ወዲያ ሠዓሊዎቹ ይሳሳቃሉ።

«የሞተ ሰው ሞቷል» አለ ደራሲው። «ይህን መናገር ያቃተው ሰው ተረት ባይጽፍ ይሻለዋል።»

አለቃው ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «እሺ። በቃ ይሙት።»

ደራሲው ወጥቶ ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ ገንጥሎ ቀደደው።

«አፈሩ ይቅለለው እንዳልል አመድ ነው» አለች ሠዓሊዋ። ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

ቤት ሲደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ስልኳ ጭኗ ላይ ነው።

«መጣህ፣ ልጄ? ምነው ፊትህ?»

«ሥራ ነው፣ እማዬ። ስጨቃጨቅ ዋልኩ።»

«አንተስ መጨቃጨቅ ትወዳለህ። ታላቅህ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ድምፁን አላሰማኝም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንዲህ ይጠፋል?»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ዛሬ ይደውላል።»

ጫማውን አወለቀ። መኝታ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከመሳቢያው ሌላኛውን ስልክ አወጣና ደወለ። እናቱ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አለ ጎርነን ባለ ድምፅ፤ «ትልቁ ልጅሽ።»